ጋሽ ይሁኔ ያሰሙኝ የሃያ ደቂቃ ዘፈን

«ደብተሬን ዛሬውኑ አምጣልኝ»... ጋሽ ይሁኔ ደውለው እንዲህ ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጋሽ ይሁኔ ደብረ ማርቆስ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የመጣሁ፣ ጺሜ በቅጡ ያልበቀለ ተተኪያቸው። ተማሪዎቹ አልተቀበሉኝም። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ጋሽ ይሁኔ እንደዚህ አልነበረም የሚያስረዱን» ይለኛል።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ የማስተማሪያ ደብተራቸውን ተዋስኩ። ምሳሌያቸውን፣ አነጋገራቸውን፣ ቀልዳቸውን ሳይቀር ሸመደድኩ። ስለ አንዲት የሮብ ገበያ በቅሎ የሚያወሯት ቀልድ አለች፤ ክፍሉን በሳቅ ታፈርሰው ነበር አሉ። እኔ ሳወራት አንድ ጥርስ አልታየም። በዚያው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ኪሴ ከተትኩ።

ይባስ ብሎ ደብተሩን መልስ ተባልኩ። እየተብሰለሰልኩ ቤታቸው ሄድኩ። ተቀብለውኝ ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረጉትና «ተቀመጥ፣ አንድ ነገር ላሰማህ» አሉኝ።

ሲዲ ከፈቱ። ከዩኒቨርሲቲ ጊዜያቸው ጀምሮ የሚወዱት የፈረንጅ ሮክ ባንድ ነው፤ መድረክ ላይ የተቀዳ አዲስ አልበም። ውጭ ያለ የድሮ ተማሪያቸው ነው የላከላቸው። ኪቦርዱ ይሄዳል... ጊታሩ ይከተላል... ድራሙ ድንገት መንገድ ይቀይራል... አምስት ደቂቃ አለፈ፣ የሚዘፍን ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ዘፋኙ ቀረ እንዴ?»

«ታገስ። የእነዚህ አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ነው።»

በመጨረሻ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው።

«ይሄ አዲሱ ልጅ ነው» አሉ። «ከድሮዎቹ የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ተናድጄ አጠፋሁት። የድሮውን ዘፋኝ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼው፣ ይሄ ደግሞ ማን ነው አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ቀን መልሼ ሰማሁት። ልጁ የድሮውን ዘፈን በራሱ ድምፅ ነው የሚዘፍነው። ያኛውን ልምሰል አላለም። ሕዝቡን ስማ እስቲ... መጀመሪያ ላይ ለወጉ ያህል ነበር የሚያጨበጭቡለት። አሁን አብረውት እየዘፈኑ ነው።»

የሲዲውን ድምፅ ቀነስ አደረጉት። «በቅሎዋን ተዋት» አሉኝ፤ «እሷ የእኔ ናት። አንተ የራስህን አምጣ።»

ለካ ተማሪዎቹ ነግረዋቸዋል። እፍረቴን የት ልክተተው?

በማግስቱ ባዶ እጄን ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ኢነርሺያ ነበር፤ የሚሄድ ነገር ካላስቆሙት መሄዱን አይተውም የሚለው። ወደ ማርቆስ ስመጣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ፣ የምጠጣው ውሃ ከፊቴ በተቀመጡ ቄስ ላይ እንዴት እንደተደፋ ነገርኳቸው። የሳቀ የለም። አለቀልኝ ብዬ ወደ ሰሌዳው ስዞር ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ...

«ቲቸር፣ ቄሱስ ምን አሉ?»

«‹ልጄ፣ ጠበሉን የምረጨው እኔ ነበርኩ› አሉኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ያው ልጅ እጁን አወጣ። «ሹፌሩ ፍሬን ባይዝ ኖሮስ ውሃው አይደፋም ነበር?» ሥራ ከጀመርኩ ስለ ትምህርት ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጥቶ ጠመኔ የምፈልግ መሰልኩ።

ከክፍል ስወጣ በቀጥታ ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ሄድኩ።

«ሳቁ?» አሉኝ።

«ሳቁ።»

«ጠየቁህስ?»

«ጠየቁኝ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ ስጀምር የተካሁት መምህር ሰላምታዬን እንኳ አይመልስልኝም ነበር» አሉ። «ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ አልጠየቀኝም። ያ ነገር በአንተ ላይ እንዲደርስ አልፈለግሁም።»

ማመልከቻውን እዚያው ፊታቸው ቀደድኩት። እስከ ዛሬም ማርቆስ ነኝ። ጡረታ የሚወጣ ሞልቷል፤ ተተኪውን እጁን ይዞ ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጥ ግን እስካሁን ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው... ዕድሜ ይስጥልኝ።