ሪባኑ እስኪቆረጥ

የክለቡ ተጫዋቾች «እማማ ሳሙና» ነበር የሚሏቸው። ከተመልካቾች መቀመጫ ስር ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ማሊያ አጥበዋል። የሳር እድፍ በምን እንደሚለቅ፣ ደም ለምን ሙቅ ውሃ እንደማይወድ እሳቸውን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። ካልሲውን ጠቅልሎ የሚጥል ተጫዋች ካለ፣ አምበልም ቢሆን ጠርተው ያስፈቱታል። ዝም የሚሉት በራሳቸው ጉዳይ ብቻ ነው። ይሉኝታ የሚባል በሽታ ነበረባቸው፤ ደግነት ስለሚመስል ማንም አያክመውም።

ባላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያስፈልጋቸዋል ተባለ። የሆስፒታሉ ማሽኖች ግን ሁለት ብቻ ስለነበሩ ወረፋው የሚያደርሳቸው በሳምንት አንዴ ነው።

«አንቺ ማሊያውን በየቀኑ ታጥቢያለሽ» ይሉ ነበር ሰውዬው፣ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲላቸው። «እኔ ከካልሲ አንሼ ነው?»

ከዚያ ቀጮ ለሆስፒታሉ አራት አዳዲስ የኩላሊት እጥበት ማሽኖች ላከ። ቀጮ በዚያው ክለብ ያደገ ልጅ ነው፤ አጥንታም ስለነበር ማሊያው እንዳይሰፋው እማማ ሳሙና በእጃቸው ሰፍተው ያጠብቡለት ነበር። ዛሬ ባሕር ማዶ የሚጫወት፣ ምስሉ በየግድግዳው የተለጠፈ ሀብታም ሆኗል። ማሽኖቹ መጡ፣ ተገጠሙ፣ ተሞከሩ፤ ከዚያም በላስቲክ ተሸፈኑ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ «ሰጪው መጥቶ ሪባን ሳይቆርጥ መጀመር ነውር ነው» አለ። ቀጮ የሚመጣው ደግሞ ውድድሩ ሲያልቅ፣ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በሽተኛ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማሽን በላስቲክ መሸፈን ነውር መሆኑን የነገረው አልነበረም።

ቀጮ በየእሁዱ ይደውላል።

«እማማ፣ ምን ጎደለሽ?»

«ምንም። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።»

«ጋሼስ?»

«ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል።»

«ማሽኖቹስ ጠቀሟችሁ?»

«ሰው ሁሉ እየመረቀህ ነው፣ ልጄ።»

ስልኩ ሲዘጋ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ልንገረው እንዴ? አንድ ቃል ቢተነፍስ ማሽኖቹን ዛሬውኑ ይከፍቷቸዋል።»

«ተይ። ልጁ ይህን ሁሉ ሰጥቶ ስሞታ እናሰማው? ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ኖሯል። አሁን ተራው የኔ ነው።»

ሰባት እሁድ አለፈ። ሰባት ጊዜ «ምንም» አሉ። በሰባተኛው ሳምንት ኩላሊታቸው ያላስወጣው ውሃ ሳንባቸው ገባና ሰውዬው ሆስፒታል ተኝተው አረፉ። ከአልጋቸው ትይዩ ባለው ክፍል፣ በተከፈተው በር፣ ላስቲኩ ይታይ ነበር። ለምርቃቱ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። እማማ ሳሙና ያን ላስቲክ በጥርሳቸው ሊቦጫጭቁት ተመኙ።

ለምርቃቱ በዓል የቀጮን የድሮ ማሊያ ተኩሰው እንዲያመጡ ክለቡ ለመናቸው፤ እምቢ ማለት አያውቁምና ተኩሰው ሄዱ። ቀጮ ከሩቅ አይቷቸው እየሳቀ መጣ፤ ጥቁር ልብሳቸውን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ማን ሞተ?»

«ጋሼህ።»

«ምን ነክቶት?»

«ኩላሊቱ ነው።»

ልጁ ዞር ብሎ ሠራተኞቹ ከማሽኖቹ ላይ ላስቲኩን ሲገፍፉ አየ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። «በየእሁዱ ስጠይቅሽ ነበር እኮ፣ እማማ። ማሽኖቹ የመጡ ዕለት ጀምሩ ብያቸው ነበር እኮ።»

«እንዳታዝን ብለን ነው» አሉ።

መቀሱ ቀረበለት። ካሜራው ተደቀነ። እሱ ግን መቀሱን ይዞ ወደ እሳቸው ዞረ። እማማ ሳሙና አግዳሚው ላይ እግራቸው አብጦ የተቀመጡትን ሰዎች አዩ። ድሮ ካልሲ በሚያስፈቱበት ድምፅ፣ «ቁረጠው» አሉት። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

ቆረጠው። ተጨበጨበ።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኩ ጮኸ።

«እማማ፣ አሁንስ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ጎደለሽ?»

እማማ ሳሙና አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር አዩት። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ምንም፣ ልጄ» አሉ።