የሚኤሶው መሸኛ

በአሰበ ተፈሪ ቀበሌያችን የወጣት ማኅበሩን የኪነት ቡድን የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ መዝሙርና ጭፈራ ማስጠናት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግራ እጇን ማንሳት አቃታት። ዕቃ ክፍል ወስጄ እጅጌዋን ስሰበስብ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ጠቁሯል።

«ወደቅኩ» አለች። ቆይታ ደግሞ «እቤት እንዳትሄጂ» አለችኝ።

ሄድኩ። የእንጀራ አባቷ አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ደጅ ተቀምጦ ጠመንጃውን በጨርቅ ይወለውላል። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ልጅቷ ትከሻዋን ተጎድታለች» አልኩ።

«ጀሪካን ተሸክማ ወድቃ ነው» አለና ወደ ሚስቱ ዞረ። «አይደለም እንዴ?»

«ወድቃ ነው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

እሱ ጨርቁን አጣጠፈ። «ወንድምሽ ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላው አይደል፣ ጓድ?» ድምፁ ለስላሳ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ስም ዝርዝር የሚያዘጋጀው እሱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ለቀበሌው ሊቀመንበር ላመለክት አሰብኩ። ግን እሱና ሊቀመንበሩ በየቀኑ አብረው ጫት የሚቅሙ ሰዎች ናቸው። ተውኩት። ሳምንቱን ሙሉ ልጅቷን ባየሁ ቁጥር ዓይኔን አሸሽ ነበር።

በገበያ ቀን እናቷ ሽንኩርት የምትመርጥ መስላ አጠገቤ ቆመች። «ኢንተላ ኮ...» ብላ በኦሮምኛ ጀመረችና ወደ አማርኛ መለሰችው፤ «ልጄን ውሰጂልኝ። እህቴ ሚኤሶ አለች።»

«አንቺስ?»

«እኔም ከሄድኩ ተከትሎን ይመጣል» ብላ ሄደች።

ያለ መሸኛ ኬላ አይታለፍም። የኪነት ቡድኑ ሚኤሶ ትርኢት እንደሚያሳይ አድርጌ ጻፍኩ፤ የማኅበሩ ማኅተም እኔ ዘንድ ነበር። በጭነት መኪና ይዣት ወረድኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ቡድኑ ሁለት ሰው ነው?»

«ሌሎቹ በኋላ ይመጣሉ» አልኩ። ልጅቷ ቀሚሴን ጨብጣ ነበር። አሳለፈን፤ ለአክስቷ አስረክቤያት ተመለስኩ።

በማግስቱ የእንጀራ አባቷ የምንለማመድበት አዳራሽ መጣ። ስለ ልጅቷ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ወንበር ስቦ ልምምዱን እስከ መጨረሻው አየ። በሚቀጥለው ቀንም መጣ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜን ከመንገድ ላይ አፍሰው ወሰዱት። እሱ ያደረገው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። እናቴ «ለምን እሱን?» ብላ ስትጠይቀኝ «ዕድሜው ደርሶ ነው» አልኳት።

ወንድሜ ከሁለት ዓመት በኋላ እያነከሰ ተመለሰ። ልጅቷ ሚኤሶ ቀርታ ትምህርቷን ቀጠለች። እናቷን ግን ገበያ ላይ ሳገኛት ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ በሌላ መንገድ ትሄድ ነበር።