የጠፋው የካሴቱ መጀመሪያ

የልጅ ልጄ ቂሊንጦ ፋብሪካ ትሠራለች። ከሰርቪስ ወርዳ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ታወጣለች። አንድ ግሩፕ አላት፤ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች የድሮ ዘፈን እያደኑ ይላላካሉ። አንዱ "ይቺን ሰምታችኋታል?" ይላል፣ ሌላው "አስለቀስከኝ" ብሎ ይመልሳል። እኔ ደግሞ ፊቱን የማላውቀው ሰው በነጻ ሲሰጠኝ፣ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

"ምንም አይፈልግም እኮ፣ እማዬ! የወደደውን ሌላ ሰው እንዲሰማለት ነው።"

"እሱ ነው ያልገባኝ።"

ጥርጣሬዬ ከሜዳ አልመጣም። ድሮ በሰቃ ሰፈር ካሴት የሚገለብጥ ሱቅ ነበር። የሠርጌን ካሴት ለእህቴ እንዲገለብጥልኝ ሰጠሁት፤ በሳምንቱ በደጃፉ ሳልፍ የገዛ አጎቴ ሽለላ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል፤ ለካ እያባዛ ሊሸጠው ኖሯል። ከበሩ ላይ አልነቃነቅም ብዬ ቆሜ ነው ቅጂዎቹን ሁሉ የተቀበልኩት።

አሁን የምሳሳለት ሌላ ካሴት ነው። እዚሁ አቃቂ ክር ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስሠራ፣ በፋብሪካው የኪነት ቡድን ውስጥ እዘፍን ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጋር፣ የክፍላችን ሴቶች እየተቀበሉን ስንዘፍን፣ አንድ መካኒክ በቴፑ ቀረጸን፤ ለእሷም ለእኔም አንድ አንድ ካሴት ሰጠን። ከዚያ ሌላ ድምፄ የተቀረጸበት የለም።

የእኔ ካሴት መጀመሪያው ጠፍቷል። የበኩር ልጄ አፉን ሲፈታ ድምፁን ላስቀር ብዬ፣ ካሴቱን ወደ ሌላው ገጽ ሳላዞረው ቀይዋን የመቅረጫ ቁልፍ ተጫንኩ። ስለዚህ መጀመሪያ ልጄ ይኮላተፋል፤ ከዚያ በድንገት እኔ አወጣለሁ፣ ሴቶቹ ይቀበሉኛል።

የልጅ ልጄ ይህን ካሴት ለግሩፑ ልላክ ብላ ስንት ወር ለመነችኝ። በመጨረሻ እሺ አልኩ፤ ግን የዘፈነው ማን እንደሆነ ይጻፍ አልኩ። ቴፑ አጠገብ ስልኳን ይዛ ቀረጸችና ከሥሩ እንዲህ ጻፈችበት፦ "አውጪዋ አያቴ ናት፤ ተቀባዮቹ የፈትል ክፍል ሴቶች ናቸው።"

ሁለት ቀን ሲያሞግሱኝ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ አንድ መልእክት ደጋግማ አነበበች።

"ምን ይላል?"

"አንድ ሰውዬ ነው... 'ዘፈኑን አውቀዋለሁ፤ አውጪዋ ግን አያትሽ አይደሉም' ይላል።"

"አላልኩሽም! ይኸው መጡ። ነገ 'የእኛ ነው' ብለው ይሸጡታል!"

"እማዬ፣ ተረጋጊ።"

"ስልኩን አምጪ።" ድምፅ የሚቀዳውን ምልክት አስጫንኳትና ተናገርኩ። "አንተ ሰውዬ፣ የዘፈንኩት እኔ ነኝ፤ ጉሮሮውም የእኔ ነው። ማስረጃ ካለህ አምጣ፣ ከሌለህ አፍህን ሰብስብ!"

መልሱ እስከ እሁድ ቆየ። ያን ሁሉ ቀን፣ ምን የውሸት ማስረጃ እየቀጣጠለ ይሆን እያልኩ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰውዬው ዘፈኑን ልኳል።

መጀመሪያ የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። መካኒኩ "እሺ፣ ጀምሩ" አለ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ የእኔ አይደለም። የጓደኛዬ ነው። እሷ ታወጣለች፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እቀበላለሁ። እንዲህ ብዙ ሄደ። ከዚያ ሳል ያዛት። ፈትል ክፍል የሠራ ሰው ያንን ሳል ያውቀዋል፤ የጥጥ ብናኝ ነው። ሳሏ ከማይክራፎኑ እየራቀ ሄደ። ዘፈኑ ሊቆም ሲል፣ ማንም ሳይገፋኝ የመጨረሻውን ስንኝ አወጣሁ።

የእኔ ካሴት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለልጆቼም፣ ለጎረቤትም፣ አውጪዋ እኔ ነበርኩ ስል ኖሬያለሁ። ያታለለኝ ሰው የለም። በገዛ ጣቴ አጠፋኋት፤ ከዚያ ባዶውን ቦታ ለራሴ ሰጠሁት።

ሰውዬው ከዘፈኑ ቀጥሎ ጽፏል። "እናቴ ናት። ኮዬ ፈጬ አብራኝ ትኖራለች። አያትሽ የላኩትን ድምፅ አሰማኋት፣ ሳቀች።" ሌባ ከሩቅ ስፈልግ፣ እሷ ከእኛ አንድ ታክሲ መንገድ ላይ ኖራለች። የራሷንም ድምፅ ልካለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አንቺ፣ ዛሬም ትጣያለሽ? ያ ሳል ባይዘኝ እኮ መጨረሻዋንም አልሰጥሽም ነበር።"

ልጅቷ ፊቴን አየች። "እማዬ፣ ሰው ረስቶታል እኮ። እንተወው?"

"አርሚው።"

ጻፈች። ጮክ ብላም አነበበችልኝ፦ "ተሳስቼ ነበር። አውጪዋ ዘፈኑን የላኩት ሰው እናት ናቸው፤ አያቴ ተቀባይ ናት።"

"ልላከው?"

"ቆይ። የመጨረሻዋን ስንኝ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱም ይጻፍ።"