በገበያ ቀን የሚዋጥ ኪኒን

ጥሩብርሃን ደግነት ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የመድኃኒት መስኮት ላይ ተቀምጣ አሥራ ሰባት ዓመት ተናዳለች። ሠርታለች ማለትም ይቻላል፤ እሷ ግን ስትጠየቅ «ተናድጃለሁ» ነው የምትለው። ሰዎች «ሲስተር» ይሏታል። «ሲስተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ» ስትል «እሺ ሲስተር» ይሏታል። የሰባት ቀን መድኃኒት የሰጠችው ሰው በሦስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ያቆምና የተረፈውን ለጎረቤት ያድላል። አባወራው ለደም ግፊት የታዘዘለትን ኪኒን ለሚስቱ ራስ ምታት ያካፍላል። በዚህ አገር ኪኒንም እንደ ምግብ ነው፤ ብቻን መዋጥ ነውር ነው መሰል።

ኧረ ስንቱን ትንገር። ጽፋ ትለጥፋለች፣ አያነቡትም። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ጽሑፉ ምን ሊረባው። በመጨረሻ የራሷን ዘዴ አበጀች። ለጥበቃው «ከዘብ ስትወርድ ዋጥ» ትለዋለች፤ ለጡረተኛው «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ»፤ ለአስተማሪዋ «የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል»። ሰው ሰዓቱን ቢረሳ ኑሮውን አይረሳም ባይ ናት። በዚህ ዘዴዋ እንዴት እንደምትኮራ የሚያውቁት ከዩኒቨርሲቲው ለልምምድ የሚመጡት ተማሪዎች ናቸው፤ ጆሯቸው እስኪደነቁር ሰምተዋል።

ገነት ወደዚያ መስኮት የመጣችው በዶክተር እስክንድር ወረቀት ነው። ከገደብ ወዲያ ካለች ቀበሌ ናት፤ ቆጮና ቅቤ ትነግዳለች። ትነግድ ነበር ማለት ይሻላል። የሁለት እጆቿ መገጣጠሚያ አብጦ፣ ጣቶቿ ተቆላልፈው ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቆጮ የሚቋጥርላት ሌላ ሰው ነው። ሐኪሙ መርምሮ ነገሩን ደረሰበት፤ በሽታን መከላከል የሚገባቸው ነጭ የደም ሴሎች ጠላት አጥተው የገዛ መገጣጠሚያዋን ይወጋሉ። ሜቶትሬክሴት አዘዘላት፤ አራት ኪኒን፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የሦስት ወር፣ አርባ ስምንት ኪኒን ይሰጣት አለ።

ይህን መድኃኒት ስትሰጥ ጥሩብርሃን እጇ ይከብዳታል። ካንሰር ላለበት ሰው በከፍተኛ መጠን የሚሰጠው ይኸው ራሱ ነው። ሴል ሊባዛ ሲል ዲኤንኤውን መቅዳት አለበት፤ ለመቅዳት ደግሞ ኑክሊዮታይድ የሚባሉ ቁሶች ያስፈልጉታል። እነሱ የሚሰናዱት በኢንዛይም ነው፤ መድኃኒቱ ያን ኢንዛይም ጨምድዶ ይይዛል። ዕጢም ሆነ ያበደ ነጭ የደም ሴል፣ ቁስ ካጣ መባዛቱን ይተዋል።

«እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ቢታሰሩ ቆጮ ከየት ይመጣል?» አለቻት ገነትን። «ኪኒኑ ፋቂዎቹን ነው የሚያስረው። ጠላትሽም ይራባል፣ የራስሽም ሰውነት ይራባል። ስለዚህ አንድ ቀን አስረን ስድስት ቀን እንፈታለን። ገባሽ፣ እናቴ?»

«ገባኝ፣ ልጄ።»

«ገበያ የምትወጪው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። የሰፈራችን ገበያ ነው። በዚህ እጅ ሌላ የትም አልሄድም።»

«በቃ፣ በገበያ ቀንሽ ዋጪ። ገበያ ከሌለ ኪኒን የለም። በይ ድገሚልኝ።»

ገነት ሦስት ጊዜ ደገመችላት። ጥሩብርሃን ደስ ብሏት ሸኘቻት።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወረፋው እስከ ግቢው በር ተዘርግቶ ሳለ ገነት ባዶ እሽግ ይዛ መስኮቱ ላይ ቆመች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። «አልቆብኛል» አለች፤ ድምጿ በቅጡ አይሰማም። ጥሩብርሃን ካርዱን አየች። የሦስት ወር ነው፤ ገና ስድስት ሳምንት ይቀረዋል። ደሟ ፈላ።

«ለማን አደልሽው?» አለች፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ። «ጉልበቷን ለሚያማት ጎረቤት ነው? ለአማትሽ ነው? ምን ብዬ ነበር? እኔ እኮ ለግድግዳ ብናገር ይሻለኝ ነበር። መርዝ እኮ ነው፣ እናቴ፤ መርዝ እየዞርሽ አከፋፈልሽ?»

ገነት ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ደምቷል፤ ምላሷና ላንቃዋ አንድ ደህና ቦታ ሳይቀረው ቆስሏል። ጥሩብርሃን ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ስንት ጊዜ ነው የዋጥሽው?»

«አንቺ እንዳልሽኝ ነዋ» አለች ገነት፣ ቃሉን በግድ እያወጣች። «አንድ ወር የሰፈሩን ገበያ ብቻ ነበር። ከዚያ እጄ ተፈታልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እጄ ሲፈታ የገደብን ጨመርኩ፣ የወርቃንም፣ የይርጋጨፌንም። ይኸው ሁለት ሳምንቴ። አንድም ገበያ ሳልውጥ አልወጣሁም።»

በሳምንት አራት ገበያ። ጥሩብርሃን አሥራ ሰባት ዓመት «የሚሰማኝ አጣሁ» ስትል ኖራ፣ ቃሏን አንድ ሳታጓድል የፈጸመችው ሴት ፊቷ ቆማ ልትሞት ነው። መድኃኒቱ ሠራ፤ እጅ ፈታ፤ የተፈታው እጅ ገበያ አበዛ፤ ገበያው ኪኒን አበዛ። ይህን ለማሰብ ፋርማሲስት መሆን እንኳ አያስፈልግም ነበር። ነጋዴ መሆኗን እያወቀች።

ገነት ወዲያው ተኛች። ነጭ የደም ሴሏ ከአንድ ሺህ በታች ወርዷል። ጥሩብርሃን ለሐኪሞቹ «ከልክ በላይ ወስዳለች» አለች፤ ለምን እንደወሰደች አልተናገረችም። ጊዜ የለም አለች ለራሷ፤ እውነትም አልነበረም። ማርከሻው ሊዩኮቮሪን ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ስልክ ያዘች። አንዱ መድኃኒት ቤት «ፎሊክ አሲድ አለን፤ ያው ነው» አላት።

«ያው አይደለም» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «ፎሊክ አሲድ ሴል ውስጥ እንዲሠራ ያ የታሰረው ኢንዛይም ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። እኔ የምፈልገው የታሰረውን አልፎ የሚገባውን ነው።»

«ስሙ ይመሳሰላል እኮ።»

ዘጋችበት። ሁለተኛውም እንዲሁ አላት፤ ሦስተኛው ደግሞ ቫይታሚን ሊሸጥላት ሞከረ። በመጨረሻ ሐዋሳ ያለችው የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ራሄል አገኘችላት፤ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥታ ላከችው። ጥሩብርሃን መናኸሪያ ሄዳ በፀሐይ ቆማ ጠበቀች። ሹፌሩ በየመንገዱ ሰው ሲጭን ነበርና ዘግይቶ ደረሰ፤ የተሰደበውን ስድብ አሁንም አይረሳውም። መድኃኒቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገነት ክንድ ውስጥ መግባት ጀመረ።

ስድስት ቀን ፈጀ። በየቀኑ ጥሩብርሃን ላቦራቶሪ በር ላይ ቆማ ቁጥሩን ትጠይቃለች፤ በየቀኑ «ዛሬ እናገራለሁ» ብላ ሳትናገር ታድራለች። በአምስተኛው ቀን ቁጥሩ ቀና አለ። በስድስተኛው ገነት አጥሚት መዋጥ ቻለች፤ ዶክተር እስክንድርም ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋዋ ጋ ቆመ። ጥሩብርሃን የዕለቱን መድኃኒት ይዛ ግርጌው ላይ ነበረች።

«እናት፣ በሳምንት አንድ ቀን ተብሎ አልተነገረዎትም?» አለ ሐኪሙ።

ገነት ጥሩብርሃንን ቀና ብላ አየቻት። «ተነግሮኛል» አለች። «ቶሎ ይሻለኛል ብዬ እኔ ነኝ ያበዛሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞት ነው። ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «አያችሁ? ትእዛዝ በማይጠብቅ ሰው እጅ ይህ መድኃኒት ገዳይ ነው። ሁለተኛ አይሰጣቸውም። ማስታገሻ እንጽፋለን።» ካርዱ ላይም ጻፈው።

ማስታገሻ እጅ አይፈታም። ገነትም ይህን ታውቃለች፤ ብርድ ልብሱ ላይ የዘረጋቻቸውን ጣቶቿን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ጥሩብርሃን በሴትዮዋ ውሸት ተናደደች፣ በዶክተሩ ጥድፊያ ተናደደች፣ ከሁሉ ይበልጥ ስድስት ቀን ሙሉ በተለጎመው በራሷ አፍ ተናደደች።

«ዶክተር፣ የጻፍከውን ሰርዘው» አለች። «እሷ አልተሳሳተችም። ቅዳሜ ማለት አቅቶኝ በገበያ ቀንሽ ዋጪ ያልኳት እኔ ነኝ። እጇ ሲፈታ አራት ገበያ ዞረች፤ አራት ጊዜ ዋጠች። ያልኳትን ነው የፈጸመችው። ከእሷ በላይ ትእዛዝ የሚጠብቅ በሽተኛ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ካለ አሳየኝ።»

ዶክተሩ መስመሩን ሰርዞ በላዩ ጻፈበት፤ ደሟ ሲስተካከል በአነስተኛ መጠን ይጀመር፣ ቅዳሜ ብቻ፣ ከአንድ ወር በላይ አይሰጥ። «የስህተት ሪፖርት ትሞያለሽ» አላት።

«እሞላለሁ።»

ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዱ። ገነት እስኪርቁ ጠብቃ የጥሩብርሃንን ጋውን ጫፍ ጎተተች። ተቆጥታለች።

«ምን አስለፈለፈሽ? ሸፍኜልሽ ነበር እኮ።»

«እጅሽ ተመልሶ ይዘጋ ነበር፣ እናቴ።»

«ይዘጋ። ሦስት ዓመት ተዘግቶ ኖሬበታለሁ፤ አውቀዋለሁ። አንቺን ከዚያ መስኮት ቢያነሱሽስ? ሌሎቹ ኪኒኑን ወርውረው ነው የሚሸኙን። መቼ ነው ገበያ የምትወጪው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጥሩብርሃን የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች። «ቅዳሜ ብቻ» አለች። «በይ ድገሚልኝ።»