የእናቴ እግርና የአባባ ኤርጃቦ ምላጭ

ልጅ ሳለሁ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ መሸት ሲል ጎረቤታችን አባባ ኤርጃቦ ፍም አጠገብ ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር፤ በሐዲይኛ ጀምረው ለእኛ ሲሉ በአማርኛ ይጨርሱታል። ቀን ቀን በምላጭ እየበጡ በቀንድ ደም የሚስቡ፣ የሚያግሙ ሰው ነበሩ። ከተረታቸው ሁሉ የምወደው ወንዝ የዘጋውን ዘንዶ ነበር፤ ጀግናው በሰይፍ ሲቀደው ውኃው ይለቀቃል፣ አገሩም ይድናል።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ቀን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ትውላለች፣ ማታ ደግሞ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች፤ ያኔ መቅረት ያስጠይቅ ነበር። አራተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ግራ ባቷ ላይ ደም ሥሮቿ አብጠው እንደ ገመድ ተጠማዘዙ። እኔ ሳያቸው ዘንዶው ትዝ ይለኛል። «አባባ ይቅደዱልሽ» እያልኩ ስነዘንዛት ሰነበትኩ። አንድ ቀን ሕመሙ ሲበረታባት፣ «እሺ፣ ነገም መቆሜ አይቀርም» አለች።

ማታ አባባ መጥተው ፋኖሱን አስያዙኝ። «የተቆጣ ደም ነው፣ መውጫ አጥቶ ነው» አሉና እንደቆመች ያበጠውን ሥር በምላጭ ነካ አደረጉት። ጠብ ጠብ ይላል ብለን ስንጠብቅ ደሙ ተንፎለፎለ። ቀንድ ቢደፉበት፣ አመድ ቢነሰንሱበት አልቆም አለ። የእናቴ ከንፈር ነጣ። ፋኖሱን እንደያዝኩ እናቴን ያስገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ።

ጮኼ የጎን ቤታችንን ድሬሰር፣ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክመውን፣ ጠራሁት። ሮጦ ገብቶ መሬት ላይ አስተኛት፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅሎ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ያዘው። ደሙ እስኪቆም ድረስ እጁን አላነሳም።

«አባባ፣ ክፉ ደም አይደለም» አላቸው ቆይቶ። «ደም ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ሥሩ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ያሳልፉትና እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሰው ቆሞ ሲውል፣ እርግዝና ሲደጋገም፣ በዘርም ሲመጣ በሮቹ ይላላሉ። ያኔ ደሙ ወደ ታች ተመልሶ ይጠራቀማል፣ ሥሩም ይለጠጣል።»

አባባ ምላጩን በጨርቅ ጠቀለሉና፣ «እኔ መውጫ ያጣ መስሎኝ» አሉ።

በማግስቱ ምሽት ሲመጡ፣ ገና ሳይቀመጡ የእናቴን እግር በገዛ እጃቸው ወንበር ላይ አወጡት። የዘንዶውን ተረት ግን ብንለምናቸውም ከዚያ ወዲህ አልተረቱልንም።

ዛሬ እኔም ሱቅ ቆሜ የምውል ሴት ነኝ፤ ገመዱ ግራ ባቴ ላይ ወጥቷል። ማታ እግሬን ወንበር ላይ ስሰቅል ልጄ በጣቷ እየተከተለችው ተረት ንገሪኝ ትለኛለች። የዘንዶውን እጀምርላታለሁ። ጀግናው ሰይፉን ሊመዝ ሲል ግን ያን ማታ በፋኖሱ ብርሃን ያየሁት የእናቴ ደም ፊቴ ይመጣል፤ እዚያው አቆማለሁ።