ወንድሜን በቁሙ የሸኘንበት ጉዞ

ሰሞኑን ልጇ የታመመባት አንዲት እናት ደወለችልኝና፣ «የእርዳታ የእግር ጉዞ ማዘጋጀት ከምን ይጀመራል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከቲሸርቱ ቀለም» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ኤርፖርት ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። ሁለት ሰው የሚሸከመውን ሳጥን ብቻውን አንስቶ የሚስቅ ጎረምሳ ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ ሲያቆሙ ሲኤምሲ እኔ ቤት ገባ። ሰኞና ሐሙስ ገና ሳይነጋ ቀስቅሼው ወደ እጥበት እወስደዋለሁ፤ ሲመለስ እንደተጨመቀ ልብስ አልጋው ላይ ይወድቃል። እጃችን እያጠረ ሲመጣ፣ «ይብቃኝ፣ አገር ቤት እናታችን ጋ ልሂድ» ማለት ጀመረ። አገር ቤት እጥበት የለም። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ እልኸኛ ነኝ፤ «በቃኝ» የሚል ቃል ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ ከለከልኩ።

የእግር ጉዞውን ሐሳብ ያመጡት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ፎቶው ያለበትን ቲሸርት የገዛ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ከሲኤምሲ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ይራመዳል፤ ገቢው ለእጥበቱ ይውላል። ወንድሜ ሲሰማ ተቆጣ።

«ፎቶዬን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ልትለምኑብኝ ነው?»

«ማንም አይለምንም። ይራመዱልሃል።»

«አንቺም? ለታክሲ እንኳ ሮጠሽ የማታውቂው?»

አላበለም። ስለዚህ በየጠዋቱ መለማመድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ዳቦ ቤቱ ደረስኩና ልቤ ልትወጣ ስትል ዳቦ ገዝቼ በባጃጅ ተመለስኩ። ወንድሜ በመስኮት አይቶኝ ኖሮ፣ «ሯጯ መጣች! ባጃጁንም አሠልጥነሽው ነው?» እያለ እስኪያስለው ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ለመሳቁ ስል ብቻ በየቀኑ ወጣሁ።

ዝግጅቱን ሁላችንም በቅንነት ነው የሠራነው፤ ጥፋቱም የሁላችንም ነው። ማተሚያ ቤቱ ብዙ ጥቁር ቲሸርት ነበረው፤ ላብና ቆሻሻ አያሳይም ብለን ወሰድነው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ልጆች ከፊት ሆነው ሊዘምሩ ቃል ገቡ፤ ለእርምጃ ይመቻል ብለው ቀሰስ ያለ መዝሙር መረጡ። ወንድሜ መራመድ ስለማይችል በጓደኛው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከኋላ ይከተለን ነበር። ሌሎቹም መኪኖች አደጋ እንዳይደርስብን የአራቱንም ማዕዘን መብራት እያብለጨለጩ ተሰለፉ። እንግዲህ ጥቁር ልብስ፣ የሰው ፎቶ፣ ቀሰስ ያለ መዝሙርና መብራት የሚያብለጨልጭ የመኪና ሰልፍ አንድ ላይ ሲታይ በአዲስ አበባ ምን ማለት እንደሆነ አንዳችንም አላሰብንም።

መንገዱ ነገረን። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ዘፈኑን አጠፋ። ግንባታ ላይ ያሉ ሠራተኞች ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። «ሰው እንዴት ያከብረናል!» ብዬ ደስ አለኝ፤ እግሬ ባይደክም ኖሮ ትንሽ ቀደም ብሎ ይገባኝ ነበር። ጉርድ ሾላ ስንደርስ አንዲት እናት ከቅያሱ ወጡ። አዩን፤ ቆሙ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ከጎኔ ገቡ።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ጎረምሳ?»

«ኩላሊቱን ነው እማማ።»

«ልጅ አለው?»

«የለውም።»

«ወይኔ! ዘር ሳይተካ!» አሉና ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። «እግዜር ያጥናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ!»

ዞር ብዬ ሰልፋችንን አየሁት፤ ያኔ ነው ቀብር መምሰላችን የገባኝ።

«እማማ፣ አልሞተም እኮ! እዚያ መኪና ውስጥ ነው ያለው።»

«አስከሬኑ?»

«ራሱ!»

ወንድሜ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። ገርበብ ያለውን መስኮት ዝቅ አደረገ። ፊቱ ከበሽታው የተነሳ አብጧል። እሳቸው የእኔን ደረት አዩ፣ እሱን አዩ፣ መልሰው ደረቴን አዩ። ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን በሩን ከፈተና፣ «ይግቡ እማማ፤ የሚቀበር እንኳ የለም፣ በከንቱ እንዳይደክሙ» አላቸው። ገቡ። እስከ መድኃኔዓለም ድረስ እጁን ይዘው አለቀሱ፤ በሕይወት አለ ብለው ለቅሷቸውን አላቆሙም። እኔም ከፊት ሆኜ እያለቀስኩ ተራመድኩ።

ማታ እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

«የማታውቀኝ ሴት እንዲህ ከሆነች፣ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ።

«አትጠይቀኝ።»

«እንግዲያው ትንሽ ልቆይ።»

አገር ቤት ልሂድ ማለቱን ተወ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ጓደኞቹ ሁለተኛ ጉዞ አዘጋጁ፤ የዚያን ጊዜ ቲሸርቱ ነጭ፣ መዝሙሩም እልልታ ያለበት ነበር። እኔ ጠንክሬያለሁ፤ ከፊት ነበርኩ፤ የመጨረሻዋን ዳገት በሩጫ ነው የወጣኋት። ቤት ስመለስ ወንድሜ ግድግዳ ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ሲሞክር አገኘሁት። በጉልበቴ አፈርኩ። እኔ በበረታሁ ቁጥር እሱ እየደከመ፣ መርፌ የሚገባበት ክንዱ እየጠጠረ፣ የበላው ሁሉ እየወጣ ሄደ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ደህና ነው፣ እየበረታ ነው» እላለሁ። እኔው ራሴ አምኜው ነበር መሰለኝ።

ለሦስተኛው ጉዞ ስንዘጋጅ፣ እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ መንገዱ አወራዋለሁ። በዚህ እንዞራለን፣ በዚያ እናቋርጣለን እላለሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለ።

«ጠይቀኝ።»

«እስከ ዛሬ የቆየሁት ለአንቺ ብዬ ነው። ታውቂያለሽ አይደል?»

አላውቅም ልለው ነበር። አውቅ ነበር።

«አሁን አልቻልኩም። በቃኝ ብል ታዝኚብኛለሽ?»

አፌ ላይ የመጣው ስለ ጉዞው ነበር። ሰዉ ተመዝግቧል፣ ፈቃዱ ወጥቷል፣ ስንት ሰው ይራመድልሃል ልለው ፈለግሁ። ፊቱን አየሁት። እንደ ልጅነቱ፣ ሳይፈቀድለት ከቤት መውጣት እንደሚፈራ ልጅ ያየኛል።

«አላዝንብህም» አልኩት።

እጄን ጨበጠው፤ ጉልበት አልነበረውም።

«እንግዲያው ነገ አትቀስቅሺኝ።»

ሰኞ እንደ ልማዴ ገና ሳይነጋ ነቃሁ። ለብሼ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ትንፋሹ ይሰማል። ጫማዬን አውልቄ በሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ እስኪነጋ ድረስ አልቀሰቀስኩትም።