በጠራ ሰማይ የመታው መብረቅ

በአገር ቤት፣ ከአንዲት የክልል ከተማ በላይ፣ ተራራ ላይ የቆመ አንድ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ምሰሶ አለ። ታሪኩን እንድጽፍ ማንም አልጠየቀኝም። የሥራ ዘመኔን ከሥሩ ስለፈጀሁ፣ ደግሞም ለንደን ውስጥ ብሪክስተን፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጡረተኛ ዝም ከማለት ሌላ አንድ ሥራ ስለሚያስፈልገው ጀመርኩት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ምሰሶው ስለቆመበት አለት ነው። ሁለተኛውም ስለ አለቱ ነው፤ በአንድ ምዕራፍ አላለቀልኝም።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየመጣች የእጅ ጽሑፌን በኮምፒውተር የምትተይብልኝ ልጄ ናት። እናቷ ካረፈች በኋላ እዚሁ ከአክስቷ ጋር አደገች፤ ዛሬ ካምደን ባለ አንድ ሆስፒታል ትሠራለች። በደህናው ቀን «አንተ» ትለኛለች፤ ስትናደድ «እርስዎ» ትለኛለች። አክብሮት የሚደርሰኝ ጥፋት ሳጠፋ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ድንጋዩ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ ሁለተኛውን ምዕራፍ እየተየበች።

«መሠረቱን ያልተረዳ አንባቢ ምሰሶውን አይረዳም።»

«ሰዉ እኮ ምሰሶውን አይደለም የሚፈልገው። ያቺን ቀን ነው።»

ያቺ ቀን የተባለችው የምርጫ ዘጠና ሰባት ዋዜማ አካባቢ የነበረች አንዲት ቀን ናት። በካምደኑ የአረጋውያን መረዳጃ ማኅበራችን ውስጥ እንደሚታመነው፣ በዚያች ቀን ሥርጭቱን እንዳቋርጥ ታዝዤ «አላጠፋም» ብያለሁ፤ ከአገር የወጣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሊቀመንበራችን ባገኘኝ ቁጥር እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ኢንጂነር፣ ያቺ ቀን ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የምትገባው? አዳራሽ ቡክ አድርገን ያነቡልናል እኮ!» ይለኛል።

ይህን ታሪክ እኔ አልፈጠርኩትም፤ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ። እዚህ በመጣሁ ሰሞን አንድ ሰው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ «በምርጫው ጊዜ አጥፉ አላሏችሁም?» ብሎ ጠየቀኝ። እጆቼን እያየሁ ዝም አልኩ። እኔ ስለ አውቶቡስ ሰዓት ብጠየቅም ዝም የምል ሰው ነኝ። ዝምታዬ ግን ትሕትና ተብሎ ተተረጎመ፤ ትሕትናው በሚቀጥለው ስብሰባ ጀግንነት ሆኖ ጠበቀኝ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ላስተካክለው እችል ነበር። ያንን ዐረፍተ ነገር ለዓመታት ስገነባው ቆየሁ። ከአገር የወጣሁትም ለአጭር ሥልጠና ነበር፤ ያልተመለስኩት ልጄ እዚህ ስለነበረች ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። የፓርቲዎች ክርክር በቀጥታ በሚተላለፍበት አንድ ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ለብቻዬ ተረኛ ነበርኩ። አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ማን እንደሆነ ሳይናገር፣ «እዚያ ሁሉ ሰላም ነው?» አለኝ።

«ሰላም ነው።»

«ሥርጭቱ እየሄደ ነው?»

«እየሄደ ነው።»

«እየሄደ ነው በለኛ!» አለና ዘጋው።

ይህችን አነጋገር፣ ሊቃውንት የብራና ጽሑፍ እንደሚመረምሩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል መረመርኳት። ስሙን የማይናገር ሰው ባለሥልጣን መሆን አለበት አልኩ። ባለሥልጣን ደግሞ መልሱን ሳያውቅ አይጠይቅም፤ መልሱን እያወቀ ከጠየቀ የሚፈልገው ነገር አለ። በሩብ ሰዓቱ መጨረሻ፣ መታዘዜን ያለ ጥርጥር አረጋገጥሁ። በገዛ እጄ ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች ሳብኩት። የሥራ መዝገቡ ላይ የመቋረጡን ምክንያት በጥንቃቄ ጻፍኩ፦ «መብረቅ»። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሰዎች ተራራውን ወጥተው የአጥሩ በር ላይ ደረሱ። በእኛ አገር ምስል ሲጠፋ ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ስልክ አይደውልም፣ ወደ ምሰሶው ይወጣል። ከፊት አንዲት አስተማሪ ነበሩ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«መብረቅ ነው።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። «የየት አገር መብረቅ?»

ደመና በሌለበትም ቢሆን ረጅም ብረት ላይ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) እንዴት እንደሚጠራቀም ማብራሪያ ሰጠኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ አስተምሬ አላውቅም። እስኪያልቅ ሰሙኝና «ክርክሩ አልቋል?» አሉኝ።

«ሳያልቅ አይቀርም።»

«እንግዲያው አሁን ይሠራል» ብለው ቁልቁል ወረዱ። እንዳሉትም ሠራ።

በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ሠራተኛ መለዋወጫ ይዞ መጣ። ገና ሰላም ሲለኝ ያ ወፍራም ድምፅ ጆሮዬ ገባ። «ያን ዕለት ደውዬልህ ነበር እኮ» አለኝ። «የቤቴ ቴሌቪዥን በረዶ ብቻ ሲያሳየኝ ጥፋቱ የእናንተ ይሁን የእኔ ልወቅ ብዬ። ለካ አንቴናዬ ወድቆ ኖሯል!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁለታችን ግን የሚያስቀውን ነገር በሙሉ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ከተማ ሙሉ ያጨለምኩት ማንም ሳያዝዘኝ፣ በአንድ የወደቀ አንቴና ትእዛዝ ነበር።

የዛሬው መኖሪያዬ መስኮት ወደ ደቡብ ያሳያል። በክሪስታል ፓላስ ኮረብታ ላይ የለንደኑ ማሰራጫ ይታየኛል፤ በአራት እግሩ ተንሰራፍቶ የቆመ፣ የሚደግፈው ገመድ የሌለው ማማ ነው። የእኔው ምሰሶ ቀጭን ነበር፤ በሦስት አቅጣጫ በብረት ገመድ ተወጥሮ ነበር የሚቆመው። የገመዱን ውጥረት ለማወቅ በእጃችን እንመታውና ንዝረቱ ሽቅብ ሄዶ እስኪመለስ ሰዓት ይዘን እንቆጥር ነበር። ቀጥ ማለቱን የምንለካው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች የሞቀው ጎን ረዘም ስለሚል ምሰሶው ወደ ጥላው ያዘነብላል። ይህን በሰባተኛው ምዕራፍ በሰፊው አትቻለሁ። ልጄ ሰባተኛውን ምዕራፍ ስትተይብ እንቅልፍ ወስዷታል።

አሥረኛውን ምዕራፍ ጨርሼ፣ ያቺ ቀን ወዳለችበት ወደ አሥራ አንደኛው ላለመግባት አባሪ ሠንጠረዦች በማዘጋጅበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ቴሌቪዥኔ ጠፋ። ጣቢያዎቹ በሙሉ የሉም። ጎረቤት መጠየቅ ለአንድ የማሰራጫ መሐንዲስ ውርደት ስለመሰለኝ ሦስት ቀን ብቻዬን መረመርኩ። ከማሰራጫው ወደ አንቴናው የሚወጣው ወፍራም ኬብል እርጥበት ገብቶበታል ብዬ ደመደምኩ፤ በእኛ ዘንድ የተለመደ በሽታ ነበር። በእንግሊዝኛ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፤ በአራተኛው ቀን ከረባት አስሬ፣ የሦስት ቁጥር አውቶቡስ ይዤ ወደ ማማው ወጣሁ።

የአጥሩ በር ላይ አንድ ዘበኛ ሳንድዊች ይበላ ነበር።

«ማሰራጫችሁ ተበላሽቷል» አልኩት። «ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ኬብሉን እንድታዩት እመክራለሁ።»

የጎረሰውን ውጦ ከረባቴን አየው። «አልተበላሸም ጌታዬ። የድሮውን ሥርጭት ሆን ብለን ነው ያጠፋነው። አሁን ዲጂታል ነው። ደብዳቤ አልደረስዎትም?»

ደርሶኝ ነበር፤ ያውም ብዙ። መንግሥት መንግሥት የሚሸት ፖስታ ሁሉ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

«ትንሽ ሳጥን ገዝተው ከቴሌቪዥንዎ ጋር ያገናኙ፣ ይመጣልዎታል» አለኝና ወደ ሳንድዊቹ ተመለሰ።

እኔ ግን ከበሩ አልሄድኩም። ሆን ብለን ነው ያጠፋነው። አንድ ሰው በማሰራጫ በር ላይ ቆሞ ይህን ያህል ነገር፣ እየበላ፣ መናገር ይችላል ለካ! ያኔ አስተማሪዋ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሜአለሁ፤ እርሳቸው ግን እውነቱን የነገራቸው አላገኙም። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ጠርቷል።

በእሑዱ ልጄ ሳጥኑን ይዛ መጥታ ቻናሎቹን ስትፈልግ የአውቶቡሱን ጉዞ ነገርኳት። ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሪፖርቱን ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት።»

«አነበበው?»

«ሳንድዊቹን አስቀመጠበት።»

ሳቋ ሳያልቅ የቀረውን ነገርኳት፤ ስልኩን፣ ማጥፊያውን፣ መብረቁን፣ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ። ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«እየገነባሁት ነበር።»

«ለሥራ ኢንተርቪው ስገባ የምታደንቂው ሰው ማነው ሲሉኝ እኮ እርስዎን ነው የነገርኳቸው! ትእዛዝ እምቢ ያለ አባት አለኝ ብዬ!»

«ሥራውንስ አግኝተሻል» አልኩ። ብዙ ዓመት ዝም ካልኩ በኋላ የመረጥኩት ንግግር ይህ ነበር።

አልሳቀችም። መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ማማውን ለረጅም ጊዜ እያየች ቆመች። ጀርባዋን ሳይ፣ አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ የፈራሁት ለካምደን ሰዎች ብዬ እንዳልነበረ ገባኝ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ኮምፒውተሩን ከፈተች።

«ከስልኩ ይጀምሩ።»

አስጻፍኳት። አስተማሪዋ ጋ ስንደርስ የኤሌክትሪክ ሙል በብረት ላይ ስለሚጠራቀምበት ሁኔታ ጥቂት ማለት ጀመርኩ። እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«አባዬ!»

«እሺ። መብረቅ አልነበረም። ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ይህችን ተየበቻት። ቀስ ብላ ጮክ አድርጋ አነበበቻት። ከአሥሩ ምዕራፎች ሁሉ ታጥራለች፤ እንቅልፍም አላስወሰደቻትም።

«ለሊቀመንበሩ እደውላለሁ» አለች። «አዳራሹን ቡክ ያድርጉት። አንተ ራስህ ቆመህ ታነብላቸዋለህ።»

«አነባለሁ» አልኩ። «ምናልባት አድማጩ እንዲዘጋጅ፣ አስቀድሜ ከምዕራፍ አንድ ስለ አለቱ...»

«ድንጋይ የለም» አለችኝ።